31 ተመልካች፣ ዜሮ ተጫራች

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ። ከአጎቴ የቀረ አንድ የድሮ ባለፊልም ካሜራ ነበረኝ። ከነሌንሱ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ለጨረታ አወጣሁት። መነሻ ዋጋው 80 ዶላር ነው፤ ጨረታው የሚቆየው 7 ቀን ነው። ዛሬ አምስተኛ ቀኑን ይዟል። እስካሁን 31 ሰው ‹እየተከታተልኩት ነው› የሚለውን ምልክት ነክቶበታል። ዋጋ ያስገባ ግን አንድም ሰው የለም። በየሰዓቱ ስልኬን ከፍቼ አያለሁ፤ ተመልካቹ ይጨምራል፣ ዋጋው ንቅንቅ አይልም። ታናሽ ወንድሜ ‹በእኔ አካውንት አንድ ዋጋ ላስገባና ሰዉ ይነቃቃ› እያለኝ ነው። ትናንት ደግሞ አንድ ሰውዬ በመልእክት ‹ጨረታውን ሰርዘው፣ አሁኑኑ 95 ዶላር በቀጥታ ልላክልህ› አለኝ። እነዚህ ሰዎች ካልፈለጉት ለምን ያዩታል? ከፈለጉትስ ምን ዝም ያሰኛቸዋል? ገጹ ምን እንደሚመስል ፎቶውን አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ላድርግ?

ዝምታው የከበደኝ»

ወንድሜ፣

ከጥያቄህ በፊት የወንድምህ ነገር ስለሚቸኩል ከእሱ ልጀምር። ይቅርባችሁ። የሻጩ ቤተሰብ፣ ጓደኛ ወይም አብሮት የሚኖር ሰው ዋጋ ለማናር ብሎ መጫረቱ በኢቤይ ደንብ ክልክል ነው። አካውንትህን ሊያሳግድህ ይችላል። በብዙ አገር ሕግም ማጭበርበር ነው።

ደንቡን ለጊዜው እንተወውና ትርፉን ብቻ እናስላ። ወንድምህ ዋጋ ቢያስገባ፣ ሌላ ሰው እስካልመጣ ድረስ ዋጋው እዚያው 80 ላይ ነው የሚቆመው። ገጹ ላይ አንድ ዋጋ መግባቱ ይጻፋል። የተጫራቹ ስም ይሸፈናል፤ ከዚህ በፊት ከተገበያያቸው ሰዎች ያገኘው የግብይት ነጥብ ግን ይታያል። ነጥቡ ዜሮ የሆነ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሲታይ፣ ጨረታ ሲያሳድድ የኖረ ገዢ ነገሩ ወዲያው ይሸተዋል። ማንም ካልመጣ ደግሞ ጨረታውን ያሸነፈው ወንድምህ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወይ ላልሸጥከው ዕቃ ኮሚሽን ትከፍላለህ፣ ወይ ለመሰረዝ ምክንያት ትፈጥራለህ።

95 ዶላር ላለህ ሰውዬም መልሱ «አይሆንም» ነው። ገንዘቡ ከኢቤይ ውጭ ሲዘዋወር ነገ ችግር ቢመጣ የሚዳኛችሁ የለም፤ ደንቡም ይከለክላል። ግን ሰውዬው ሳያስበው አንድ ነገር ነግሮሃል። ጨረታው በ80 የሚያልቅ ቢመስለው ኖሮ ለምን 95 ይሰጥሃል? ሁለት ቀን ታግሶ በ80 ይወስደው ነበር። አጭበርባሪ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ካልሆነ ግን፣ መጨረሻው ላይ ከ95 በላይ እንደሚሄድ የገመተ ሰው ነው። ከ31ዱ መካከል የምር የሚፈልጉት ሰዎች እንዳሉ አንተ ስትጠራጠር እሱ አልተጠራጠረም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ። ካሜራህን የሚፈልጉት ሰዎች ዝም ያሉት፣ የጨረታው ደንብ ራሱ ዝም ማለትን አዋጭ ስላደረገው ነው። ይህን በቁጥር ላሳይህ።

እኔ ለካሜራህ እስከ 120 ዶላር ለመክፈል ቆርጫለሁ እንበል። ዛሬ ገብቼ 120 ብዬ እጽፋለሁ። ኢቤይ ሙሉውን ለማንም አያሳይም። ገጹ ላይ የሚታየው 80 ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሲመጣ ሲስተሙ በእኔ ስም ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይጫረትልኛል። ማታ ላይ አንድ ሰው መጥቶ 85 ያስገባል። ወዲያውኑ «ተበልጠሃል» ይለዋል፤ ዋጋው 86 ሆኗል። በዚህ የዋጋ ክልል ጭማሪው 1 ዶላር ነው። ሰውዬው እልህ ይይዘዋል። 90 ይላል፣ 91 ይሆናል። 100 ይላል፣ አሁን ጭማሪው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለሆነ 102.50 ይሆናል። እዚህ ላይ ይደክመዋል፤ ይተወዋል። እኔ አሸነፍኩ፣ ግን 102.50 ከፈልኩ።

ያው ታሪክ እኔ ዝም ብዬ ቢሆንስ? ሰውዬው ማታ መጥቶ 85 ያስገባል። ማንም ስለሌለ ዋጋው 80 ላይ ሆኖ እሱ ይመራል። ደስ ብሎት ይተኛል። ጨረታው ሊዘጋ 6 ሰከንድ ሲቀረው እኔ 120 አስገባለሁ። ዋጋው 86 ይሆንና ሰዓቱ ያልቃል። ሰውዬው እልህ ለመያዝ እንኳ ጊዜ የለውም። ተመሳሳይ ካሜራ፣ ተመሳሳይ ሁለት ሰዎች፣ ልዩነቱ ግን 16 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ያንን ልዩነት ያመጣው የእኔ ዝምታ ብቻ ነው።

የሒሳብ ሰዎች እዚህ ላይ ይከራከሩኛል። ዊልያም ቪክሪ የሚባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ አሸናፊው የሚከፍለው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ በሆነበት ጨረታ ሁሉም እውነተኛ ጣሪያውን አንድ ጊዜ ቢጽፍ አይጎዳም። የኢቤይም አሠራር ለዚህ የቀረበ ነው። እውነት ነው፣ ሁሉም ሰው ጣሪያውን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ በየትኛውም ሰዓት ቢጫረት ለውጥ አይኖረውም። ችግሩ ሰው እንዲህ አይደለም። ብዙ ሰው ጣሪያውን የሚፈልገው «ተበልጠሃል» ሲባል ነው። «አንድ ዶላር ብቻ ልጨምር» ይላል፣ ከዚያ ደግሞ አንድ፣ ከዚያም አንድ። ቀድሞ የሚጫረት ሰው የሚቀሰቅሰው እነዚህን ነው። ልምድ ያለው ገዢ ደግሞ እነሱ እንደተኙ እንዲቆዩለት ይፈልጋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አልቪን ሮት እና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ኢቤይንና በዚያን ጊዜ ጨረታ ያካሂድ የነበረውን አማዞንን አነጻጽረዋል። የኢቤይ ጨረታ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፣ አለቀ። የአማዞኑ ግን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ ከገባ በራሱ ይራዘም ነበር። ከተመለከቷቸው 240 የኢቤይ ጨረታዎች በ89ኙ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዋጋ ገብቷል፤ በ29ኙ ደግሞ በመጨረሻዎቹ 10 ሰከንዶች ውስጥ። በአማዞን በኩል በመጨረሻዋ ደቂቃ የገባው አንድ ዋጋ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። የተለየው የበሩ አዘጋግ ነው። መጨረሻ ላይ ዋጋ ጥሎ መሮጥ የማይቻል ከሆነ መደበቁም ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ዋጋ አለመግባቱ ብዙም አያስደንግጥ። ምልክቱን መንካት ለብዙዎች «ሊያልቅ ሲል ቀስቅሰኝ» ማለት ነው። ስልካቸው ጨረታው ሊዘጋ ሲል ያስታውሳቸዋል። የአንተ ጨረታ ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ዝምታውን የሚያጸናው ሌላም ነገር አለ። ዋጋ ማስገባት ቃል መስጠት ነው። ካሸነፍክ መግዛት አለብህ። ዋጋውን መልሶ መሳብ የሚቻለው በጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ቁጥር ተሳስተህ ከጻፍክ፣ ወይም ሻጩ መግለጫውን ከቀየረው። አሁን ራስህን አንድ ካሜራ ብቻ የሚያስፈልገው ገዢ አድርግ። በዚያው ሳምንት ስድስት ተመሳሳይ ካሜራዎች ጨረታ ላይ ናቸው። ሁለቱ ላይ ብትጫረት ሁለቱንም ልታሸንፍ ትችላለህ፤ ሁለት ካሜራ ምን ያደርግልሃል? ስለዚህ ስድስቱም ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ቀድሞ የሚዘጋው ላይ ትሞክራለህ። ካልሆነልህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። አንዱን ስታገኝ የቀሩትን ትረሳቸዋለህ፤ ምልክቱን ለማንሳት የሚቸገር ብዙ ሰው የለም። አየህ፣ አንድ እውነተኛ ገዢ በስድስት ሻጮች ገጽ ላይ ስድስት ተመልካች ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህ ነው 31 የሚለውን ቁጥር 31 ገዢ አድርገህ አትቁጠረው የምልህ።

ከቀሩት ውስጥ ያው ካሜራ ቤቱ ያለው፣ የእሱ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ የአንተን የሚጠብቅ አለ። ነገ የሚሸጥ ሌላ ሻጭ አለ። ኢቤይ ሻጮች ለተመልካቾች የቅናሽ ዋጋ የሚልኩበት መንገድ ስላለው፣ ምልክት አድርጎ ቅናሽ የሚጠብቅ ብልጥም አለ። ዝም ብሎ የሰው ዕቃ ማየት የሚያዝናናውም አለ፤ እኔ ራሴ ከዚህ ወገን ነኝ። እነዚህ አይገዙህም፣ አይጎዱህም። ተዋቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ዓይነት ነው። ካሜራውን ይፈልገዋል፣ ገንዘቡም አለው፣ ግን ጠርጥሯል። ጥርጣሬውን አይጠይቅህም። ምልክት አድርጎ ያልፋል። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ያስታውሰዋል፣ ገጹን ድጋሚ ያየዋል፣ ጥርጣሬው እዚያው አለ፣ ስልኩን ያስቀምጠዋል። ይህን ሰው መመለስ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

የላክልኝን ገጽ አየሁት። አራት ፎቶ አለህ። ሦስቱ ካሜራውን ሶፋ ላይ አስቀምጠህ ከፊት ያነሳሃቸው ናቸው፤ አንዱ ብዥ ብሏል። መግለጫህ «በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ፣ አልተሞከረም» ይላል። ይህቺ «አልተሞከረም» ብዙ ገንዘብ ታሳጣሃለች። አንተ ሐቀኛ ለመሆን ብለህ ነው የጻፍካት። ገዢው ግን የሚያነባት «ሞክሮት አልሠራለትም» ብሎ ነው። ባትሪ ከትቶ ቁልፉን መጫን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያንን ያላደረገ ሻጭ ምን ደብቆ ይሆን?

የድሮ ካሜራ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው። ሌንሱን ይፈትሻል፤ ውስጡ ሻጋታ ይዞ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ክር ሊኖረው ይችላል። ከፊት በተነሳ ፎቶ ይህ አይታይም። ሌንሱን ከካሜራው አውጥተህ፣ ከኋላው መብራት አብርተህ፣ በውስጡ ብርሃን ሲያልፍ አንሳው። ከዚያ የባትሪውን ቤት ክፈት። አሮጌ ባትሪ ውስጡ ቀርቶ ከነበረ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ይተዋል። ንጹሕ ከሆነ ንጹሕነቱን አሳይ፤ ከዛገም ዝገቱን አሳይ። ቀጥለህ የኋላውን መዝጊያ ክፈትና ጠርዙ ላይ ያለችውን ጥቁር ስፖንጅ በጣትህ ንካት። ብርሃን እንዳይገባ የምትከላከለው እሷ ናት። በዕድሜ ብዛት እንደ ሙጫ ሆና ጣት ላይ የምትቀር ከሆነ ይህንንም ጻፈው፤ በቀላሉ የምትቀየር ነገር ስለሆነች ዋጋ ብዙ አታወርድም። በመጨረሻም ሸተሩን፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋውን የብርሃን በር፣ በዝግታ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በ1 ሰከንድ፣ አስነሳው። ከፍቶ አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ መዝጋት አለበት። ተጣብቆ ከቀረ ያኔ እውነቱን ታውቃለህ፣ ገዢውም ያውቃል።

«ጉድለቱን ከተናገርኩ ማን ይገዛኛል?» እንዳትለኝ። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቤይን ሲጀምር መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። 14.83 ዶላር አወጣ። መሰበሩ ገጹ ላይ ተጽፏል። ኦሚድያር ለገዢው «የተሰበረ መሆኑ ገብቶሃል?» ብሎ ጻፈለት፤ ሰውዬው የተሰበሩ ሌዘሮችን የሚሰበስብ ሆኖ ተገኘ። ለተበላሸ ዕቃም ገዢ አለ። ገዢ የሚያጣው፣ ተበላሽቶ ይሁን አይሁን ያልታወቀ ዕቃ ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማታ አድርገው። እስካሁን የተጫረተ ስለሌለና ጨረታው ሊዘጋ ከ12 ሰዓታት በላይ ስለቀረው ፎቶውንም መግለጫውንም መቀየር ትችላለህ። አንድ ሰው ከተጫረተ በኋላ ወይም መዝጊያው ከተቃረበ ግን እጅህ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ መጨመር እንጂ መለወጥ ያስቸግራል።

መነሻ ዋጋውንስ? እዚህ ላይ ሰዎች የተለያየ ምክር ይሰጡሃል። በጨረታ ጥናት ደጋግሞ የታየ አንድ ነገር አለ፦ ዝቅ ብሎ የተነሳ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ያልቃል። ምክንያቱም ርካሽ ሲመስል ብዙ ሰው ይገባል፣ የገባ ሰው ጊዜውን ያፈስበታል፣ ጊዜውን ያፈሰሰበትን ደግሞ እንደ ራሱ ዕቃ ማየት ይጀምራል። ሲበለጥ የተቀማ ይመስለዋል። ያቺ «አንድ ዶላር ልጨምር» የምትመጣው ከዚህ ነው። 80 ላይ ስትነሳ ይህን ሁሉ ታጣለህ፤ የመጀመሪያው ተጫራች ከመነሻው ትልቅ ቃል መስጠት አለበት። ግን ዝቅ ብሎ መነሳት የሚሠራው ብዙ ፈላጊ ላለው ዕቃ ነው። በዚያን ዕለት አንድ ፈላጊ ብቻ ከመጣ ካሜራህን በመነሻው ዋጋ ይዞት ይሄዳል፤ አንተም ፈርመሃልና መስጠት ነው።

በዚህኛው ዙር 80ን አትንካ ባይ ነኝ። ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ የ95ቱ ሰውዬ ፍንጭም በእጅህ አለ። ከመነሻው በላይ የተደበቀ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ የማስቀመጥ አማራጭም አለ፤ እሱን ግን አልወደውም። ገዢው ዋጋ አስገብቶ «ዝቅተኛው ዋጋ ላይ አልደረሰም» ሲባል ይበሳጫል፣ ጥሎ ይሄዳል። በፖኪሞን ካርዶች ላይ የተደረገ አንድ ሙከራም የተደበቀው ዋጋ የመሸጥ ዕድሉንም የሚገኘውን ገንዘብም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የማትቀበለው ዋጋ ካለ በግልጽ መነሻ አድርገው።

ደግሞ ዋጋ ስትገምት ሌሎች ሻጮች የጠየቁትን አትይ። ማንም የፈለገውን መጠየቅ ይችላል። ኢቤይ ላይ ፍለጋህን «የተሸጡ» በሚለው አጣራው። ባለፉት ሳምንታት የአንተን ዓይነት ካሜራ ሰዎች በተጨባጭ ስንት እንደከፈሉበት ታያለህ። ከፎቷቸው ጋር የአንተን አስተያይ። የሚሠራው ስንት፣ «አልተሞከረም» የተባለው ስንት እንደሄደ ስታይ፣ ከላይ ያልኩህን ባትሪ ለመግዛት አትሰስትም።

ለ95ቱ ሰውዬ አጭር መልስ ጻፍለት፦ «ጨረታውን እስከ መጨረሻው አስኬደዋለሁ፤ ቢጫረቱ ደስ ይለኛል።» ከዚያ በላይ አትጻፍ። ሌሎቹ ተመልካቾች እነማን እንደሆኑ ስለማይታይህ እንኳን ልትጽፍላቸው ማወቅም አትችልም፤ ይህ ለሁላችሁም ጥሩ ነው። ስልክህንም በየሰዓቱ አትክፈት። ቢያንስ እስከ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ድረስ የምታየው ለውጥ ላይኖር ይችላል። በመጨረሻዋ ደቂቃ ግን ገጹን ክፈተው። ዋጋው 80 ላይ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲዘል ማየት ደስ ይላል።

ካልተሸጠስ? ይሆናል፣ ቃል አልገባልህም። ያኔ በቀጥታ ያንኑ ገጽ መልሰህ አታውጣው። ከላይ ያልኩህን ፎቶዎች ይዘህ፣ ጨረታው የሚዘጋበትን ሰዓት አስተካክለህ አውጣው። ጨረታው የሚዘጋው ባወጣህበት ሰዓት ስለሆነ ሌሊት ያወጣኸው ሌሊት ያልቃል፤ አብዛኞቹ ገዢዎችህ ባሉበት አገር ሰው ነቅቶ ስልኩን የሚይዝበትን ሰዓት ምረጥ። «የተሸጡ» የሚለው ዝርዝር ካሜራህ በየሳምንቱ ብዙ ፈላጊ እንዳለው ካሳየህ መነሻውን ዝቅ ለማድረግ አትፍራ። በወር አንዴ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ግን ጨረታውን ተወው። በቋሚ ዋጋ አውጣው፣ ገዢ የራሱን ዋጋ እንዲያቀርብ ፍቀድ፤ ያኔ ምልክት ለሚያደርጉት ቅናሽ መላክ ትችላለህ። እስከዚያው የካሜራውን ባትሪ አውጥተህ ለብቻው አስቀምጠው።